በመቋሚያ የታረመ

ጋሸና ላይ መኪና እስኪሞላ ጠብቆ የማያውቅ ሰው የላስታን መንገድ ሄጄበታለሁ ባይል ይሻላል። ባለፈው የበዓል ሰሞን ከማስተምርበት ከወገል ጤና ያመጣኝ አውቶቡስ መገንጠያው ላይ አራግፎን ሄደ። ወደ ላሊበላ የሚወስደን ሚኒባስ ግማሹ ባዶ ሆኖ ሳለ ረዳቱ «አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው!» እያለ ይጮኻል። መስኮት ዳር ይዤ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አስቀመጥሁና ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ሳብሁት። የጋሸና ነፋስ በጋም ክረምትም ያው ነው፤ ከምግብ ቤቶቹ የጥብስ ሽታ፣ ከቆሙት የጭነት መኪኖች የናፍታ ሽታ አምጥቶ አንድ ላይ ያሸትትሃል። ጥቂት ቆይቶ ነጭ ጥምጥም ያደረጉ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡ። መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑና ከንፈራቸውን ሳይከፍቱ፣ ከጉሮሯቸው ሥር ዜማ ጀመሩ።

እኔ ከማላውቀው ሰው ጋር ቀድሜ የማወራ ሰው አይደለሁም። ክፍል ውስጥ እንኳ ስም ከመጥራቴ በፊት ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ እጠርጋለሁ። ያን ቀን ግን ሳላስበው እጃቸውን አየሁ፤ ከዚያ ግንባራቸውን፤ ከዚያም አፌ ቀደመኝ።

«አባ፣ ያምዎታል እንዴ?»

ዜማው ቆመ። አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ። «ምን አልሽ ልጄ?»

«አይ… የሚያምዎት ነገር ካለ በመስኮቱ በኩል ይሁኑ ብዬ ነው።»

«የሚዘምር ሰው አሞታል የሚባለው በማን አገር ነው?» አሉና እስከ ትከሻቸው ድረስ ሳቁ። ረዳቱ በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ሰምቶ ኖሮ «አባ፣ የመኪናው ቴፕ ተበላሽቷል፤ ይቀጥሉልን እባክዎ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝና ወደ መስኮቱ ዞርሁ። በማን አገር እንደሆነ ልነግራቸው እችል ነበር፤ በእኛ ቤት ነው። ግን ከየት ይጀመራል?

ዘመኑ ብዙም ሩቅ አይደለም፤ ሆኖም ከዚያ ወዲህ በአገሩ ብዙ ነገር ስላለፈ የሌላ ሰው ዕድሜ ይመስለኛል። ተመርቄ ሥራ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። ላሊበላ ያኔ በፈረንጅ ተሞልታ ነበር፤ ከቅዳሜ ገበያ ወደ ላይ በሚያወጣው ኮብልስቶን ላይ ባርኔጣ ያደረጉ ሰዎች እያለከለኩ ይወጡ ነበር፤ እኛ ከኋላቸው ሳናለከልክ እንወጣና እንኮራ ነበር። እንቁላል አንዱ ሦስት ብር ገባ ተብሎ ጉድ የተባለው ያን ሰሞን ነው። ባለ አምስት ብር የስልክ ካርድ በሳንቲም ፍቀን፣ ቁጥሩን አንድ ሰው እያነበበ ሌላው ይሞላ ነበር። ሴቱ ሁሉ ዳር ዳሩን ቢጫ አበባ ያለበት አንድ ዓይነት ሻርፕ ይለብስ ነበር፤ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ በሚቀጥለው ዓመት አንድም ሰው ላይ አላየሁትም። ከገበያው መውጫ ላይ ዘፈን በሚሞሪ የሚጭን ልጅ ሱቅ ነበረው፤ ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ዘፈን ይደጋግመዋል። አሁን ሱቁ የሞባይል ክዳን ይሸጥበታል። ዘፈኑን ስሙን ባላውቀውም እስከ ዛሬ ቃሉን በቃሌ እወጣዋለሁ። እንግዲህ የሰው ልጅ ጭንቅላት የሚይዘውን ራሱ አይመርጥም። አጥብቄ የምፈልገውን አንድ ቀን ግን በደንብ አላስታውሰውም።

አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ መሪጌታ ነበሩ። አባባ ነበር የምንላቸው። ትውልዳቸው ገነተ ማርያም ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን ግን ላሊበላ ላይ ዜማ ሲያስተምሩ ኖሩ። ቤታቸው ያ የላስታ ባለ ፎቅ ክብ ቤት ነበር፤ በቀይ ድንጋይ የተሠራ፣ መወጣጫው በውጭ በኩል የሆነ። ልጅ ሳለሁ ያ መወጣጫ የእኔ ቦታ ነበር። ተማሪዎቻቸው ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ተማሪው ሳይሳሳት ሲሄድ አንድ ቃል አይናገሩም። የተሳሳተ እንደሆነ በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ኳ! «ተመለስ» ይላሉ። የት ላይ እንደተሳሳተ አይነግሩትም፤ ፈልጎ ያገኘዋል። ሲያገኘው ዝም ይላሉ። ዝምታቸው «ልክ ነህ» ማለት ነው። አንድም ቀን «ጎበዝ» ሲሉ አልሰማሁም። ሴት ልጅ ስለሆንሁ ከክቡ ውስጥ አልገባሁም፤ ነገር ግን ከመወጣጫው ላይ ሆኜ ከፊደሉ አናት የሚሰፈሩትን የዜማ ምልክቶች፣ ይዘቱን፣ ድፋቱን፣ ርክርኩን፣ ቁርጡን ለመድሁ። ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ እንኳ ይህን አያውቅም። አባባ ያውቁ ነበር ወይ? እሱንም አላውቅም።

ያን ዓመት ተማሪዎቹ ተበትነው ነበር፤ አባባም ታመሙ። ከወገባቸው ጀመራቸው። የቤታቸውን መወጣጫ መውጣት ሲያቅታቸው ደሴ ወስደን አስመረመርናቸው፤ ካንሰር ነው፣ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል፣ ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ እንጂ ሌላ የሚደረግ የለም አሉን። መራራ ሽሮፕ በብልቃጥ ተሰጠን፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚወሰድ፣ «ሲያማቸው ብቻ» የማይባል። አልጋቸውን ወደ ምድር ቤቱ አወረድነው፤ የጠፍር አልጋ ነው፣ እግሩ የወይራ። የምታስታምማቸው የእናቴ ታላቅ እኅት አስካለ ናት፤ እታታ እላታለሁ። እኔ ሥራ ስለሌለኝ ረዳት ሆንሁ።

ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ በሳምንት አንድ ቀን ትመጣ ነበር። ሲስተር እንላታለን። የመጀመሪያ ቀን መጥታ ከአልጋው አጠገብ በርጩማ ሳበች።

«አባባ፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ ዐሥር ቢቆጥሩት ስንት ይሉታል? ዜሮ ማለት ምንም አያምም። ዐሥር ማለት ከዚያ በላይ ሕመም የለም።»

አባባ ጣሪያውን እያዩ አሰቡበት። «ከዚያ በላይ የሌለ?»

«አዎ።»

«እሱስ የጊዮርጊስ ነው።»

«የማን?»

«ሰባት ዓመት በመንኰራኵር የፈጩት የጊዮርጊስ ነዋ! ዐሥሩን እሱ ከወሰደው ለእኔ ምን ይተርፋል ብለሽ ነው?»

«እሺ፣ ጊዮርጊስን እንተወውና የእርስዎስ?»

«ጊዮርጊስን ትተን? በዚህ አገር?» አሉ። ከዚያ እንዳዘኑላት ሁሉ «በይ ዜሮ ብለሽ ጻፊው» አሏት።

እታታ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። ሲስተርም ሳቀች፤ ስትወጣ ግን መወጣጫው ሥር አስቁማ እንዲህ አለችኝ። «እንዲህ ያሉ ሰዎች አይነግሩሽም። ‹እንዴት አደሩ› ስትያቸው ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይሉሻል፤ እሱ ሰላምታ ነው እንጂ መልስ አይደለም። አንቺ የተማርሽ ነሽ አይደል? ፊታቸውን እዪ። ስታገላብጧቸው ግንባራቸው ይቋጠራል ወይ? እጃቸው ምን ይጨብጣል? ይበላሉ? ይተኛሉ? ያየሽውን ከነሰዓቱ ጽፈሽ ጠብቂኝ። መድኃኒቱን የምጨምረውም የምቀንሰውም ያንን አይቼ ነው።»

ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ሽማግሌ ፊት ላይ ዓይን መትከል ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ እንኳን መሪጌታን፣ ጎረቤትን ቀና ብዬ አላይም። ስለዚህ የማየው በጎን ነበር፤ ውኃ ሳቀርብ፣ ጋቢያቸውን ሳስተካክል። ግንባራቸው ሲቋጠር እያሰቡ ይሁን እያመማቸው አላውቅም። እጃቸው ጠፍሩን ሲይዝ ሊነሡ ፈልገው ይሁን ሕመሙ ይዟቸው አላውቅም። በወረቀት ላይ ብዙ ለመጻፍ ጊዜ ስለማይበቃኝ የዜማ ምልክቶቹን ተዋስሁ፤ ትንፋሻቸውን ሲይዙ ይዘት፣ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ርክርክ፣ ንግግራቸውን በመካከል ሲያቋርጡ ቁርጥ። ሲስተር አይታ «ይኼ ምንድን ነው? የሐኪም ጽሑፍ ነው አይነበብም ሲሉ የባሰ አመጣሽ!» አለችኝ። ተርጉሜ አነበብሁላት። ካነበብሁት ውስጥ ግማሹን እኔ ራሴ አላመንሁትም።

የጽጌ ወራት ሲገባ አባባ መዘመር ጀመሩ።

አፋቸውን ሳይከፍቱ ነው፤ ከጉሮሯቸው ሥር፣ ወደ ታች የሚሄድ፣ አንዳንዴ አንድ ቦታ ላይ ረግቶ የሚቆይ ዜማ። ጠዋት ልብሳቸውን ስንቀይር ይጀምራሉ፣ ስናገላብጣቸው ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቤቱ በራ። ሳምንታት ሙሉ ድምፃቸው ተቋርጦ ነበርና እታታ አለቀሰች። ጎረቤት ሰማ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች በራችን ላይ ቆመው ያዳምጣሉ፣ አማትበው ያልፋሉ። መምሬ ባዬ፣ የአባባ የጥንት ጓደኛ፣ በየቀኑ ይመጡ ጀመር። አንድ ቀን ጆሯቸውን ጣል አድርገው ቆዩና «ይኸ እኮ የሆሣዕና ነው» አሉ በሹክሹክታ። «በጽጌ? ይኸ ሰውዬ ዜማ ያለ ወራቱ ያዜመን ተማሪ ከግቢ ያስወጣ ነበር!» እታታ ደነገጠች፤ «አእምሯቸው ተነካ ማለት ነው?» አለች። መምሬ ባዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይደለም አስካለ። ወደዚያ የቀረበ ሰው ዓመቱን ባንድ ጊዜ ነው የሚያየው። ደዌውን በዜማ ድል እየነሣው ነው።» ይህ ቃል ከመወጣጫው ሥር ወጥቶ እስከ ገበያ ደረሰ። እኔም ወረቀቴ ላይ «ጠዋት፤ እየዘመሩ ነበር፤ ደህና» እያልሁ መጻፍ ጀመርሁ።

ችግሩ ሽሮፑ ላይ መጣ። ሽሮፑን በወሰዱ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዜማው ይጠፋል። ዝም ይላሉ፤ ዓይናቸው ይከደናል፤ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እታታ ይህን ባየች ቁጥር ልቧ ይሰበር ነበር። «ዜማውን ቀማቸው» ትላለች ብልቃጡን ወደ ብርሃን እያነሣች። «ዕድሜ ልካቸውን ያልተዘጋ ጉሮሮ በዚች ጠብታ ይዘጋ?» ሰዓቱ ሲደርስ ታዘገያለች። ከዚያ አንዱን ታስቀራለች። ጎረቤትም ያግዛታል፤ «ይኸ የሐኪም ነገር እኮ ሰውን ማደንዘዝ ነው፣ ተያቸው ይዘምሩ።» እኔ ምን ልበል? ትምህርቴ ሰዓት ይጠበቅ ይላል፤ ሲስተርም ብላለች። ሆኖም ጽፌ የያዝሁት ሌላ ነው፤ ሲዘምሩ ደህና፣ ሽሮፑን ወስደው ዝም ሲሉ ባሰባቸው። ወረቀቱ ለእታታ ነው የሚመሰክረው። ሰው ዝም ሲል ተሻለው ማለት ነው ወይስ ባሰበት? ይህን ጥያቄ በዚያ ወር ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥሁት አላውቅም። አንድ ጊዜ ከገበያ ቲማቲም ገዝቼ ስመለስ፣ ያ የዘፈን ልጅ ድምፅ ማጉያውን በድንገት ዘጋው፤ መንገዱ ዝም ሲል የሞተ ሰው ያለ መሰለኝ። ዝምታን ያን ያህል ፈርቼው ነበር።

ሲስተር በምትመጣበት ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ እታታ «እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ፤ ነገ እንዳንጣላት» አለችኝ። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል፤ መቋሚያቸው እንደ ሁልጊዜው አልጋው ላይ አጠገባቸው ነው፤ ታመው እንኳ አይለዩትም። ከመወጣጫው ሥር በበሩ የሚገባው ፀሐይ እግራቸው ላይ ነበር። ማንበብ ጀመርሁ።

«ጠዋት፤ ልብሳቸው ሲቀየር እየዘመሩ ነበር፤ ደህና።»

ኳ!

ሁለታችንም ዘለልን። መቋሚያው የአልጋውን እግር መትቶታል። «ውኃ ፈልገው ነው» አለች እታታና ሮጣ አመጣች። አባባ ፊታቸውን አዞሩ። ትራሳቸውን አስተካከለች፤ እሱም አይደለም። ጋቢውን ሰበሰበችላቸው። ዝም። በይ ቀጥይ አለችኝና እንደገና ጀመርሁ።

«ጠዋት፤ ልብሳቸው ሲቀየር እየዘመሩ ነበር፤ ደህና።»

ኳ!

«አባቴ፣ ምን ሆኑብኝ?» አለች እታታ። አባባ ዓይናቸውን አልከፈቱም። በዚያ በደከመ ድምፅ፣ ስንት ጊዜ ከመወጣጫው ላይ ሆኜ የሰማሁትን ቃል፣ አንድም ቀን ለእኔ ያልተባለውን ቃል ተናገሩ።

«ተመለሽ።»

የአንድ የዜማ ተማሪ ድንጋጤ ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ወረቀቱን አየሁት። ስሕተቱ የት ነው? ልብሳቸው የተቀየረው ጠዋት ነው፤ እሱ ልክ ነው። ዘምረዋል፤ ሰምተናል። የቀረው አንድ ቃል ነው። እታታን አየኋት፤ እሷም እኔን። ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ።

«ጠዋት… ልብሳቸው ሲቀየር እየዘመሩ ነበር…» ቆምሁ። «አሟቸው ነበር።»

መቋሚያው ዝም አለ።

ጠበቅሁ። ከውጭ የዶሮ ድምፅ ይሰማል። ከዚያ አባባ በጣም በቀስታ «ቀጥዪ» አሉ።

ቀጠልሁ። የዚያን ሳምንት ጽሑፍ በሙሉ መስመር በመስመር አነበብሁት፤ «ደህና» ባልሁበት ሁሉ ኳ፣ «ተመለሽ»፣ እኔም እየሰረዝሁ «አሟቸው ነበር»። ሽሮፑን ወስደው ዝም ያሉበት ላይ ስደርስ «ባሰባቸው» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ኳ። «ተሻላቸው» ስል ዝም። አመመኝ ብለው የማያውቁ ሰው፣ ጊዮርጊስን አፍረው ዜሮ ያሉ ሰው፣ ሕመማቸውን ሊደብቁ ይችሉ ነበር፤ የተሳሳተ ጽሑፍ ሲነበብ እየሰሙ ማለፍ ግን አልቻሉም። እታታ አልጋው ሥር ቁጭ ብላ ጉልበቷን ይዛ «ወይኔ አባቴ! እኛ በራችንን ከፍተን ሰው እናሰማዎታለን!» አለች። ከዚያ ተነሥታ ብልቃጡን አወረደች። «ልስጥዎት አባቴ?» ብላ ጠየቀች። መቋሚያው አልተንቀሳቀሰም። እኔና እሷ አሁን ዝምታውን ማንበብ ችለን ነበር። ሰጠቻቸው። ማግስቱን ሲስተር የታረመውን ወረቀት አይታ መጠኑን ጨመረችላቸው። ዜማው ከቤቱ ጠፋ። በራችን ላይ የሚቆሙት ሴቶች «ደከሙ እንዴ?» እያሉ በኀዘን ይጠይቃሉ፤ እታታ «ተኝተዋል፣ ተመስገን» ትላለች።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም የማስታመምን ጥበብ ተማርሁ ብዬ እኮራ ነበር። ግን አንድ ቀን፣ ሽሮፑን ከወሰዱ ብዙም ሳይቆይ፣ መምሬ ባዬ አጠገባቸው ቁጭ ብለው እያወሩ ሳለ አባባ እንደገና ከጉሮሯቸው ሥር ዜማ ጀመሩ። እኔ ቸኩዬ ጻፍሁ። ከሰዓት በኋላ ሳነብ «መምሬ ባዬ ባሉበት ዘመሩ፤ አሟቸው ነበር» አልሁ፤ ተማሪ አሁንስ ገባኝ እንደሚለው በድፍረት።

ኳ! «ተመለሽ።»

ግራ ገባኝ። «በጣም አሟቸው ነበር?»

ኳ!

«ጥቂት…»

ኳ! ዓይናቸውን ከፈቱ፤ ያን ቀን ነው እንደዚያ ተቆጥተው ያየኋቸው። «እሱስ ዜማ ነበር!» አሉ።

መምሬ ባዬ በማግስቱ ሲነገራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ «የጽጌ ነበርኮ፣ ከነወራቱ፤ አብረን ነው ያዜምነው። አንቺ ልጅ፣ ሰው ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቢዘምር ሐኪም ልትጠሪ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ወራቱን ማጥናት ጀመርሁ፤ ያለ ወራቱ ከሆነ ሕመም፣ በወራቱ ከሆነ ዜማ ይሆናል ብዬ። እሱም ቢሆን ሁልጊዜ አልሠራም። በጽጌው ዜማ ላይም ተመለሽ የተባልሁበት ቀን አለ። ሁለቱ ከአንድ ጉሮሮ ነው የሚወጡት፤ አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ላይ ይሆኑ ይሆናል፣ ለዚያ ደግሞ ምልክት አልነበረኝም።

ከዚያ በኋላ አባባ እየሳሱ፣ ጋቢው ሥር ሰው ያለ እስከማይመስል እየቀነሱ ሄዱ። ንግግራቸው ቀረ። ንባቡ ግን አልቀረም፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ እግራቸው ላይ ስትደርስ አነባለሁ፤ መቋሚያው አንዳንዴ በደንብ ሳይመታ እንጨቱን ጫር ብቻ ያደርገዋል፤ እሱንም ሰምቼ እመለሳለሁ። የመጨረሻው ቀን፣ ጽጌ ሊያልቅ ሲል፣ እንዲህ ነበር ያነበብሁት። «ጠዋት ሰውነታቸው ሲታጠብ ግንባራቸው አልተቋጠረም። እጃቸው ጠፍሩን አልያዘም። ከሰዓት በኋላ ዝም ብለው ተኝተዋል። ሕመም የለም።»

ምንም ድምፅ የለም።

እታታ «አለፍሽ» አለችኝ በሹክሹክታ፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ደስታ ነበር። እኔ ግን ወረቀቱን ማጠፍ አቃተኝ። ልክ ስለሆንሁ ነው ዝም ያሉት ወይስ መቋሚያውን ማንሣት አቅቷቸው? አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ሆን ብዬ የማይሆን ነገር ላንብብ፣ «ዛሬ ዶሮ ወጥ በሉ» ልበል፣ ከመቱ ይሰማሉ ማለት ነው። አፌ ተከፈተ። የኔታ ፊት አውቆ መሳሳት ግን ከመወጣጫው ላይ ያየሁት ነገር አልነበረም፤ አሳፈረኝ። ወይም ካልመቱ የሚሆነውን ፈርቼ ይሆናል። ወረቀቱን አጠፍሁት። ፀሐይዋ ከእግራቸው ላይ ወርዳ መሬት ላይ ስትደርስ ዐረፉ።

ሚኒባሱ በመጨረሻ ሞልቶ ተነሥቶ ነበር። ይህን ሁሉ እንዴት እንደጀመርሁት አላውቅም፤ ለአጠገቤ ሽማግሌ ነገርኋቸው፤ መስኮቱን እያየሁ፣ ፊታቸውን ሳላይ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ «የመጨረሻውን ቀን ስታነቢ መቋሚያው የት ነበር?» አሉኝ።

«አልጋው ላይ፣ እጃቸው ውስጥ።»

«አልወደቀም?»

«አልወደቀም።»

«እንግዲያማ ይዘውት ነበራ። መቋሚያ የያዘ የኔታ ስሕተት አያሳልፍም። እኔም ተምሬያለሁ፤ ቀምሼዋለሁ።» የራሳቸውን መቋሚያ በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ዝም ካሉሽ አልፈሻል።»

ይህ ለትንሽ ጊዜ ደረቴን አቀለለው። ቀጥሎ ግን ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወይም ትዝ ያለኝ መሰለኝ፤ ያን ቀን ጠዋት ሰውነታቸውን አጥበን ስናስተኛቸው፣ መቋሚያውን አንሥታ በእጃቸው ያስያዘቻቸው እታታ ናት? ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ያጠፈችው እሷ ናት ወይስ እሳቸው ራሳቸው ጨበጡት? የዚያን የሱቅ ዘፈን ቃሉን በሙሉ አውቃለሁ፤ ይህን አላውቅም። እታታን ልጠይቃት እችላለሁ፤ በየበዓሉ እመጣለሁ፤ በየበዓሉም ሳልጠይቃት እመለሳለሁ።

ላሊበላ ልንደርስ ስንል፣ ነአኵቶ ለአብ መገንጠያ ላይ ሽማግሌው «ወራጅ አለ!» አሉ። ረዳቱ በሩን ከፈተላቸው፤ «አባ፣ በሚቀጥለው ደግሞ ከፍ ባለ ድምፅ!» አላቸው። «አንተ መጀመሪያ ቴፕህን አሠራ» አሉት። እግራቸውን መሬት ካሳረፉ በኋላ በሩን በእጃቸው ያዝ አድርገው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሌላ ሰው እንዳይሰማ።

«ቅድም የጠየቅሽኝ» አሉ። «ጉልበቴ ነው። ከጋሸና ጀምሮ ነው።»

ሚኒባሱ ሲነሣ መስኮቱን ከፍቼ አየኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ታች በሚወርደው መንገድ እየሄዱ ነበር። ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ፤ ሲሳፈሩ አላየሁትም ነበር።